ክፍላችን ለውትድርና የተመረመረ ዕለት

ለውድ ወንድሜ ለቫሃግን፣

ጤናህ እንደምን ነው? የድንበሩ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኔና እማማ ደህና ነን።

ትናንት መምህርት ሹሻን ክፍላችንን በሙሉ ለውትድርና ምርመራ ይዘው ሄዱ። እዚያ ነርሶች በውስጥ ሱሪ ብቻ ኮሪደር ላይ አሰለፉን። ወለሉ ላይ ተተፍቶበታል። ሐኪሙ ዳቦ እያኘከ፣ እጁን ሳይታጠብ የሁላችንንም አፍ በጣቱ እየከፈተ አየ። ወፍራሙን የክፍል ጓደኛዬን ጎርን “አንተን የሚችል ታንክ የለንም” ሲለው ነርሶቹ ሳቁ። እስካሁን ምግብ ይቀፈኛል።

ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊው ስሜን አነበበና “የቫሃግን ወንድም ነህ? በቅርቡ ጽፎላችኋል?” አለኝ።

“ይጽፋል” አልኩት።

ፋይሌን ዘጋው። ቀና ብሎ ሳያየኝ “ልብስህን ልበስና ወደ እናትህ ሂድ” አለኝ። ሌሎቹን ግን እስከ ማታ አቆያቸው።

ይህንን ለእማማ አልነገርኳትም፤ ደብዳቤህ ከቀረ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ሁለት መስመር ትበቃናለች፤ ብቻ በራስህ እጅ ጻፋት።

በናፍቆት እጅ የሚነሳህ ታናሽህ
ሴቫክ