ሦስተኛው ምስክሬ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ተጠባባቂ! ተጠባባቂ ነሽ አሉኝ! አራት ዓመት ሙሉ ተምሬ፣ ኢንተርቪው ላይ እንደዚያ ተናግሬ፣ ተጠባባቂ!

ማስታወቂያው ላይ ስሜን ከታች ሳየው ለወይዘሮ ሰላማዊት ራሴ ደወልኩላቸው። ራቤል ያለውን የበግ እርባታ ፕሮጀክት የሚመሩት እሳቸው ናቸው። የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው፤ በየወሩ የገበሬውን በግ እየመዘነ የሚመዘግብ። እንስሳት ሳይንስ ለተማረች የመንዝ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምን ሥራ አለ? «በኢንተርቪው ጥሩ ነበርሽ» አሉኝ። «ምስክሮችሽ ጋ ደወልን። ሁለቱ አመሰገኑሽ። ሦስተኛው ግን መሐል ላይ ‹ስለ እሷ አልናገርም› ብለው ስልኩን ዘጉት። እኛ ምን እንበል? አርብ እንወስናለን።»

ሦስተኛው መምሬ ተክሌ ናቸው። የንስሐ አባቴ! ያጠመቁኝ ሰው!

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልጻፍ፣ አለዚያ ልፈነዳ ነው።

የኮሙኒኬሽን መምህራችን። «ሲቪ ላይ ምስክር ስትጽፉ ውስጣችሁን የሚያውቅና የተከበረ ሰው ጻፉ» ያለው እሱ ነው። ጉድለታችሁን ሲጠይቋችሁ «ሥራ ላይ አብዝቼ እጨነቃለሁ» በሉ ያለንም እሱ ነው። አልኩ። የዶርም ጓደኛዬ ሮማንም ብላለች። ዶርሙ በሙሉ ብሏል።

አባዬ። ሲቪውን ስሞላ በስልክ ጠየቅሁት። «ውስጥሽን ከመምሬ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?» አለኝ።

እኔ። ምን ነክቶኝ ነው የሰማኋቸው?

መምሬ። ከሁሉም በላይ መምሬ! አንዲት «ጎበዝ ልጅ ናት» ማለት ምን ያስከፍላል?

ማክሰኞ

ነገ ዘመሮ፣ ቤተሰቦቼ ጋ እሄዳለሁ። ሮማን ዕቃዬን ስሸክፍ እያየች «ተረጋጊ፣ ቄስ ልትደበድቢ ነው?» አለችኝ። አልሳቅሁም። እሷ ለሌላ መሥሪያ ቤት ነው ያመለከተችው፤ አጎቷን ምስክር አድርጋ ጽፋ አልፋለች።

ባለፈው ሴሚስተር «ቅሬታን በአግባቡ መግለጽ» የሚል ትምህርት ነበረን። ሰውየውን ሳትወቅሱ፣ «እኔ» ብላችሁ ጀምሩ ተብለናል። መስታወት ፊት ቆሜ ሞከርኩት። «መምሬ፣ እኔ በድርጊትዎ ምክንያት ቅር ተሰኝቻለሁ።» ይሄን ለንስሐ አባቱ የሚናገር ፍጡር መንዝ ውስጥ ተወልዶ አያውቅም። ሮማን ትራሷን አፏ ውስጥ ከትታ ሳቀች። አናደደችኝ።

ረቡዕ

ከመኪና ወርጄ እቤት እንኳ ሳልገባ ወደ መምሬ ሄድኩ። ማሳቸው ዳር የፈረሰ ካብ ይክባሉ። መስቀል ተሳለምኩ። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ቁጣ እዚያው ጠፋ፤ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ገብሱ እንዴት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በራሴ በገንሁ።

በመጨረሻ አወጣሁት። «አባቴ፣ የደወሉልዎ ሴትዮ ሥራ ሊሰጡኝ ነበር እኮ። ለምን እንዲህ አደረጉኝ?»

ድንጋዩን አስቀመጡ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ጠባይዋ እንዴት ነው አሉኝ፤ መልካም ናት አልኩ። ታታሪ ናት ወይ አሉኝ፤ እንዴታ አልኩ። ከዚያ ‹መዝና በምትጽፈው ነገር ላይ እምነት ይጣልባታል ወይ?› አሉኝ።»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«ታዲያ ምን ልበል?» አሉኝ። «አዎ ብል ዋሸሁ። አይ ብል ደግሞ ያወቅሁት በየት በኩል ነው?»

ድንጋዩን አንስተው መካቡን ቀጠሉ። ምነው በሰደቡኝ።

ሐሙስ

ምን እንደነገርኳቸው እዚህም ካልጻፍኩ የት ልጽፍ ነው?

ሦስተኛ ዓመት ላይ የመስክ ሪፖርት ነበረብን። ሠላሳ በግ መዝናችሁ ጻፉ ተባልን። አሥራ አንድ መዘንኩ። ብርዱ ጣቴን አደነዘዘው፣ በጎቹ ይፈረጥጣሉ፣ ባለቤቶቹ «በጋችንን አስደነገጥሽብን» ይላሉ። አሥራ ዘጠኙን ዶርም አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ሞላሁት። አንዷን ሃያ ሁለት ኪሎ፣ አንዷን ሃያ አራት፣ አንዷን እንዳያስነቃ ከሲታ አደረግኋት። ኤ አገኘሁ። ኢንተርቪው ላይም አፌን ሞልቼ ያወራሁት ስለዚያ ሪፖርት ነው።

በዐቢይ ጾም ለመምሬ ተናዘዝኩ። አርባ ስግደት ስገጂ፣ ለመምህርሽም ንገሪ አሉኝ። አርባውን ሰገድኩ። ለመምህሩ አልነገርኩም። ጉልበቴን ከአፌ በላይ አደከምኩት።

እና አሁን የተናደድኩት በማን ነው? በሁሉም። ሴትየዋ ሺህ ጥያቄ ሞልቶ ለምን ያንን ጠየቁ? መምሬስ እንዴት እንደዚያ ይሆናሉ? ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ትክክል መሆናቸው ነው።

ይሄ ሳያንሰኝ አባዬ ጉድ አፍልቶ ጠበቀኝ። ከመምሬ ጋር የተባባልነውን ሳልነግረው፣ ሰኞ በስልክ የነገርኩትን ብቻ ይዞ፣ እሱ እንደገባው አድርጎ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቶታል። «የልጄን እንጀራ ዘጉ! ባለፈው ዓመት ለካቡ ድንጋይ አላግዝም ስላልኳቸው ቂም ይዘው ነው!» አለ። ከዛሬ ጀምሮ ቤቴን አይረግጡም፣ ሌላ የንስሐ አባት እይዛለሁ ብሎ ምሏል። ጠዋት ውኃ ቦታ ሁለት ሴቶች «ቂመኛ ቄስ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። መምሬም ሰምተዋል፤ በዚያው መንገድ እያለፉ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ብለው ሰላምታ ሰጥተዋቸው አለፉ።

እናቴ «ሽማግሌ ተጠርቷል፤ ቅዳሜ ያስታርቋቸዋል» አለችኝ። ሊያስታርቁ! በኔ ነገር!

አርብ

ጠዋት ለወይዘሮ ሰላማዊት ደወልኩ። ድምፅን ዝቅ አድርጎ በፈገግታ መጀመር ምናምን ተምረን ነበር። ሁሉንም ረሳሁት።

«እኔ ወይንሸት ነኝ። ኢንተርቪው ላይ የነገርኩዎት ሪፖርት ውሸት አለበት። ሠላሳ በግ አልመዘንኩም፤ የመዘንኩት አሥራ አንድ ነው። ስለኔ አልናገርም ያሉት የንስሐ አባቴ ናቸው። የነገርኳቸውን ማውጣት አይችሉም፣ መዋሸትም አይፈልጉም። እሳቸው ሰው ሊያበላሹ የሚፈልጉ ሰው አይደሉም። በቃ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«ማንም ሳይጠይቅሽ ለምን ትነግሪኛለሽ?»

«እዚህ አገር ሰውየውን እየሰደቧቸው ነው!» ብዬ ጮኽኩ። በእውነት ጮኽኩባቸው። ቀጣሪዬ ሊሆኑ በሚችሉ ሴትዮ ላይ!

«ኢንተርቪው ላይ እንዲህ አልተናገርሽም ነበር» አሉኝ። «እሺ። ሰምቻለሁ። እንነጋገርበትና እናሳውቅሻለን።»

ቀጥዬ ያንን ሪፖርት ላረመው ለአድቫይዘሬ ደወልኩ፤ እንደተናደድኩ ካልጨረስኩት አልጨርሰውም ብዬ። «ሰኞ ቢሮ ነይ» ብቻ አለኝ፣ ደረቅ ባለ ድምፅ። ያ ‹ኤ› ሊነሳ ይችላል። ምረቃው ራሱ ሊዘገይ ይችላል። ማልቀስም አሰኘኝ፣ ሰው መማታትም አሰኘኝ።

ለአባዬ መንገር ግን ቀርቷል።

ቅዳሜ

ሦስት ሽማግሌዎች፣ አባዬና መምሬ እደጃችን ተቀመጡ። ሴቶቹ በር ላይ። አባዬ ክሱን አሰማ፤ ካቡን አነሳ፣ ቂሙን አነሳ። መምሬ እንዲመልሱ ቢጠየቁ «የምመልሰው የለኝም» አሉ። ትልቁ ሽማግሌ «ዝም አይነቅዝም ይባላል መምሬ፣ ግን የእርስዎ ዝምታ ልጅ ጎዳ እኮ» አሏቸው። መምሬ አንገታቸውን ደፉ።

ያኔ ደሜ ፈላ። ሳልጠራ መካከል ገብቼ ቆምኩ። እናቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ዐይን ለዐይን ተያዩ የተባልነው ትዝ አለኝ፤ የማንንም ዐይን አላየሁም፣ መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩ። ግን ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ስለ አሥራ አንዱ በግ፣ ስለ አሥራ ዘጠኙ፣ ስለ አርባው ስግደት፣ ሴትየዋ ስለጠየቁት ጥያቄ፣ ሁሉንም። «ቂም የያዘ የለም። ውሸታሟ እኔ ነኝ» አልኩ።

አባዬ ፊቱ ቀላ። ተነስቶ ሊመታኝ ነው ብዬ ነበር፤ ተቀመጠ።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ መምሬ ዞሩ። «አባታችን፣ ልጅቱ ያለችው እውነት ነው?»

ሁሉም ሰው ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። ይኸው አፌ እስኪደርቅ ተናግሬላቸዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚደብቁት ምን ቀረ? አዎ ቢሉ እኮ ነፃ ናቸው።

መምሬ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እሷን ስሙ» አሉ። «እኔ ስለ ልጄ አልናገርም።»

ወይ እኒህ ሰው! በንዴት ጥርሴን ነከስኩ፣ ዕንባዬ ግን ዝርግፍ አለ። አባዬ ተነስቶ ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከራቤል አልደወሉም። ስልኩን መስኮቱ ላይ፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። አባዬ እስካሁን አላናገረኝም፤ ግን ቅድም መጥቶ ስልኩን አየት አድርጎ፣ ቻርጅ እንዳለው አረጋግጦ ወጣ።