ከስክሪኑ የጠፋው ፎቶ

ሰኞ

አርባ ሦስት ጊዜ። በአንድ ቀን፣ አንድ ፎቶ ብቻ። መጀመሪያ ታብሌቱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

ለሙከራ ስድስት ቤተሰብ ዘንድ ነው ያስቀመጥነው። ስልክ መነካካት ለሚያስቸግራቸው አረጋውያን የሠራሁት ነው። ስክሪኑ ላይ አንድም ፊደል የለም፤ የልጆቻቸው ፎቶ ብቻ። ፎቶውን ሲነኩት ልጁ የላከው ድምፅ ይሰማል። ተጭነው ከያዙት ደግሞ የእነሱ ድምፅ ተቀርጾ ለልጁ ይሄዳል። የሚያወሩትን እኛ አንሰማም። የትኛው ፎቶ ስንት ጊዜ እንደተነካ፣ የተላከው መልእክት ተከፍቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ ነው የምናየው።

ቁጥር አራት ታብሌት አያት ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየም፣ ወይዘሮ ለተብርሃን ቤት ነው ያለው። አርባ ሦስት ጊዜ የተነካው ፎቶ እኛ መዝገብ ላይ ሃፍቶም ይላል። የሚልኩለት በየቀኑ ነው። አንዱም አልተከፈተም።

በምሳ ሰዓት ልጃቸውን ፍረወይኒን ደወልኩላት። ኤርፖርት ካርጎ ነው የምትሠራው፤ ከኋላዋ የዕቃ ማንሻ ማሽን ይጮኻል።

ሃፍቶም ማን እንደሆነ ስጠይቃት «ወንድሜ ነው» አለች። «ከጦርነቱ ወዲህ የት እንዳለ አናውቅም።»

ታዲያ ለምን አስገባሽው አልኳት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«ሁላችንንም ስጭን እሱን መዝለል አቃተኝ። ድምፁ አሮጌው ስልኬ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ሰከንድ ናት። እማን 'አደይ፣ ደርሻለሁ፤ ነገ እደውላለሁ' ነው የሚላት።»

ማክሰኞ

ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል። ኮዱን ለሚጽፈው ለዮናስ ነገርኩት። «ፎቶውን እናውርደው፤ ሴትየዋን እያሳመምናት ነው» አለ። እኛ ማን ነን ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ እኔም ራሴን ጠየቅኩ፤ እኛ ማን ነን?

የሚያስጨንቁኝ፦
ሃፍቶም ይሰማኛል ብለው ቢሆንስ?
ፍረወይኒ እውነቱን ነግራቸዋለች?
ያ ሁሉ ያልተከፈተ ድምፅ እኛ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል።

አባቴ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ቁጥሩ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። አንድ ቀን የሆነ ሰው በዚያ ቁጥር ይደውልልኛል ብዬ እፈራለሁ፤ እንዳይደውልም እፈራለሁ። ዛሬ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በስልክ «ደርሻለሁ» ሲል ዞሬ አየሁት። የሃፍቶምን ድምፅ ሰምቼው እንኳን አላውቅም።

ረቡዕ

ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሕግ አውጥቼ ነበር። የተላከለትን መልእክት ለአንድ ወር ያልከፈተ ሰው ፎቶ ከስክሪኑ ይውረድ፣ አረጋውያኑ በፎቶ ብዛት እንዳይደናገሩ። ስብሰባ ላይ ተጨብጭቦልኛል። አፕዴቱ ዛሬ ጠዋት ለስድስቱም ተላከ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለዚያ ፎቶ ሳስብ ውዬ ይህ ትዝ አላለኝም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ፍረወይኒ ደወለች። «ፎቶውን የት አደረሳችሁት?»

እናቷ ቁርስ ከበሉ በኋላ እንደ ወትሯቸው ታብሌቱን ይከፍታሉ፤ ሃፍቶም የለም። ሌሎቹ ልጆች በየቦታቸው አሉ። ከዚያ ጥቁር ልብሳቸውን አውጥተው ለበሱና መሬት ላይ ተቀመጡ። የጎረቤት ሴት ምን ሆኑ ስትላቸው «ማሽኑ ነገረኝ፤ ልጄ የለም» አሏት። ፍረወይኒ ከሥራ ሮጣ ስትደርስ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ተደርድሯል። ሴቶቹ እያለቀሱ ነው።

ዮናስ በአምስት ደቂቃ ፎቶውን መመለስ እንችላለን አለ። ተው አልኩት። አሁን ድንገት ብቅ ቢል ምን ሊሉ ነው? ልጄ ተነሣ?

ሐሙስ

ፈቃድ ወስጄ አያት ሄድኩ። ደረጃውን ወጥቼ አራተኛ ፎቅ ደረስኩ። የለቅሶ ድምፅ የለም። ሰው ተበትኗል።

ወይዘሮ ለተብርሃን ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ታብሌቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ፍረወይኒ በሩን ተደግፋለች።

«ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ማን ነው የነገራችሁ?»

«ማንም አልነገረንም እማማ። ማሽኑ ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ፎቶውን ያስወረድኩት እኔ ነኝ። ሳላስብ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ታዲያ ሞቷል?»

«አላውቅም።»

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቁ።

«የምልክለትን ማን ይሰማዋል?»

ፍረወይኒን አየኋት፤ አንገቷን ደፍታለች። መዋሸት ይቻል ነበር። «ማንም አልሰማውም» አልኩ።

«እሱም?»

«እሱም።»

አላለቀሱም። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ፤ የቆየ ነገር እንደተረጋገጠለት ሰው። ያለቀሰችው ፍረወይኒ ናት። «ልነግርሽ ብዬ አቃተኝ እማ» አለች። እሳቸው ግን የመለሱት ሌላ ነገር ነው።

«በዚህ ቤት ስሙን የሚጠራ የለም። እኔ ስጠራው አንቺ ወደ ኩሽና ትገቢያለሽ። ከማን ጋር ላውራ? ከዚህ ጋር አወራሁ።» ታብሌቱን በአገጫቸው አሳዩን።

ውጭ ባቡሩ ሲያልፍ ተሰማ።

ልሄድ ስነሣ ክንዴን ያዙኝ። «መልሺው። ግን የማወራው ባዶ ቦታ አይሂድ። ለፍረወይኒ ይሂድ። እሷ ትስማው።»



ዓርብ

ለዮናስ ነገርኩት። ሃፍቶምን ነክተው የሚናገሩት ሁሉ ወደ ፍረወይኒ ስልክ ይሂድ። «ይህ ለሌላ ቤት የሚሆን አይደለም» አለኝ። አይደለም፤ አውቃለሁ። ሠራው። ያንን ሕግም ሰረዝን። ከእንግዲህ ሳይጠየቁ የሚጠፋ ፎቶ የለም። ስብሰባ ላይ ጥፋቴን ተናገርኩ። ያጨበጨበ የለም።

ከሰዓት ፍረወይኒ ጻፈችልኝ። የመጀመሪያው መልእክት ደርሷታል። የዕረፍት ሰዓቷ ላይ ካርቶን ተደግፋ ሰማችው። እናቷ የሚያወሩት ሃፍቶም አንደኛ ክፍል ሳለ ጠመኔ ይበላ እንደነበር ነው፤ አስተማሪው ልጁን ሳይሆን እናቱን ጠርተው ተቆጡ። «ጠመኔውን የምሰርቅለት እኔ ነበርኩ። እማ እስከ ዛሬ አታውቅም» ትላለች።

ንገሪያት አልኳት።

ቅዳሜ

ቢሮ ሰው የለም። ስለጨነቀኝ መጣሁ። ቁጥር አራት ከጠዋት ጀምሮ ከመስመር ውጭ ነው። ከጀመርን አንስቶ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ብዙ ነገር አሰብኩ፤ ሴትየዋን፣ ጥቁሩን ልብስ፣ ያን አራተኛ ፎቅ። ሁለት ጊዜ ስልኩን አንሥቼ አስቀመጥኩት። በመጨረሻ ደወልኩ።

«ታብሌቱ ተበላሸ?»

«አይ» አለች ፍረወይኒ፣ ድምፅዋ ጎርነን ብሎ። «አጥፍተነው ነው። እያወራን ነው።»

ከኋላዋ ወይዘሮ ለተብርሃን ይናገራሉ። ትግርኛ አልችልም። ከሁሉ መካከል ሃፍቶም የሚለውን ስም ብቻ ለየሁ፤ ደጋግመው ይጠሩታል። ፍረወይኒ ስልኩን ሳትዘጋው መልሳ ከእናቷ ጋር ማውራት ጀመረች።

እኔ ዘጋሁት።