በገና መስሎኝ

የካቲት 24

ውሃ መጣ። በርሜሉን ሞላሁ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ከዓለም ገና ገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አንዱ ጎረምሳ «ሃርሜ፣ ጠጋ በይ» አለኝ፤ እናቴ ማለቱ ነው። ጠጋ የምልበት ቦታ የት አለና?

ሰርቪስ ቤቴን የተከራየችው ናዝራዊት አመሻሽ ላይ ገባች። አዲስ አበባ ቢሮ ነው የምትሠራው። የታክሲ ሰልፍ ነፍሷን አውጥቶ ይመልሳታል። በሯን ዘግታ አንድ ነገር ከፈተች። ወፍራም፣ የሚነዝር፣ ቀስ የሚል… በገና! ለሁዳዴ በገና የሚሰማ ወጣት ዛሬም አለ? ጆሮዬን የሠራሁበት ክር ፋብሪካ ቢበላውም በገናን አልስትም።

የካቲት 30

ለጎረቤቴ ለአትክልት ነገርኳት። የማርያም ማኅበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን እሷ ናት። የሷ ልጅ ጾም የለ ፍስክ የለ ሲዘፍን ነው የሚውለው፤ የኔ ተከራይ በገና ትሰማለች። ፊቷ ሲለዋወጥ ደስ አለኝ። የምኮራበት ነገር ካገኘሁ ስንት ዘመኔ።

ጽሑፌ ይጣመማል። ፊደል በስተርጅና የቆጠረ ሰው መስመር አይጠብቅም።

መጋቢት 20

ነገ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። ጠላው ደርሷል። ናዝራዊትን፣ ያን በገናሽን ለሴቶቹ ክፈቺልን አልኳት።

«እትዬ የሺ፣ እሱ እኮ በገና አይደለም» አለች።

ትሕትና መስሎኝ ሳቅኩ። ደግማ ልትነግረኝ ሞከረች… እኔ መቼ ሰው አስጨርሼ አውቃለሁ።

መጋቢት 21

ጉድ ሆንኩ።

ጸሎት ተደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ልጅቷ ማጫወቻዋን ይዛ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ከፈተችው። መጀመሪያ ያው የሚነዝረው ነው። አትክልት ዓይኗን ጨፈነች። የንስሐ አባታችን ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ከበሮው ወረደ። ከዚያ አንድ ሰው ጮኸ… ሲያርዱት እንኳ ሰው እንደዚያ አይጮኽም። አባ ጠላቸውን አስቀመጡ። አንዷ ጸበል ፍለጋ ተነሳች።

ናዝራዊት አጥፍታ ሁሉንም ይቅርታ ጠየቀች። ሄቪ ሜታል የሚባል የፈረንጅ ሙዚቃ ነው አለች። ስም ቢኖረው ምን ዋጋ አለው።

አትክልት ስትወጣ በር ላይ ያዘችኝ። «የሺ፣ ወይ እሷ ወይ እኛ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አስቢበት።»

ባሌ ከሞተ ወዲህ ከነሱ ሌላ ደጄን የሚረግጥ የለም። ልጅ የለኝ። ስታመም ሾርባ ይዘው የሚመጡት እነሱ። ሲወጡ የሚያሙኝም እነሱ።

መጋቢት 23

ልቀቂ ልላት ገባሁ። ካርቶን ሙሉ ሲዲ አላት፣ ከፒያሳና ከመርካቶ የለቀመችው። የፈረንጅ ፊደሉን አላውቀውም፣ ሥዕሉን አየሁ። ልል የመጣሁትን አውቃዋለች። «አንዴ በደንብ ይስሙት፣ ከዚያ እወጣለሁ» አለች።

የድሮውን አስቀደመች። እኔ ልጅ ሳለሁ የተቀዳ። ይህን ሙዚቃ የጀመሩት የፈረንጅ አገር የፋብሪካ ሰፈር ልጆች ናቸው አለችኝ። ሳትነግረኝም አውቄዋለሁ። ክር ፋብሪካው ነው! ማሽኑ ሲነሳ ደረት ላይ የሚመታው… ያን ሁሉ ዓመት ሲደበድበኝ ዜማ እንዳለው አላወቅኩም።

ቀጥሎ አንድ ፈጣን። ራሴን አመመኝ። አይረባም አልኳት። ተናደደች።

መጨረሻ ላይ ያን የማኅበሩን ጉድ። ረጅም ነው። ክረምት ጭጋጉ ከወጨጫ ተራራ ወርዶ ቤቱንም ዛፉንም ቀስ እያለ ሲውጠው… እንደዚያ ነው። ሰውዬው ሲጮኽ ምን እያለ ነው አልኳት።

«ቃሉ ለእኔም አይሰማኝም እትዬ። የደከመው ይመስለኛል።»

እርሙን እያወጣ ነው አልኳት። ባሌ ሲሞት እኔ ድምፅ አልወጣልኝም ነበር። ሴቶቹ «ደረቅ ናት» ብለው ከሰልስት ሳይወጡ አሙኝ።

ልቀቂ ሳልላት ወጣሁ።

መጋቢት 29

ማኅበሩንም ልጅቷንም መያዝ አይቻልም? ልጅቷ በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ ብላ እሺ አለች። አትክልት ናት እምቢ ያለችው። ባይሰማም በግቢው ካለ አለ ነው አለችኝ። አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ሚያዝያ 5

እንቅልፍ የለም። ብወድቅ ማን ያነሳኛል? ተከራይ እንደሆነ ነገ ሌላ ቤት ያገኛል።

ሚያዝያ 19

ዳግማይ ትንሣኤ። አትክልት መጣች። አልቀመጥም ብላ እንደቆመች፦

«ወጣች?»

«አልወጣችም።»

«ለአንዲት ተከራይ ብለሽ እመቤታችንን ተውሽ?»

«እሷን አልተውኩም። አንቺን ነው።»

ያላለቀስኩት ለቅሶ ነበረብኝ፣ ያ ሰውዬ ጮኸልኝ አልኳት። ጨርቄን የጣልኩ መሰላት። ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።

በሩን ዘጋሁ።

ሚያዝያ 21

ማኅበሩ አትክልት ቤት ነው፣ ከአጥሩ ማዶ። ማንም አልጠራኝም። ጠዋት ቀሚሴን ለብሼ ነበር… አወለቅኩት።

ናዝራዊት ከሥራ ገብታ ከነጫማዋ አልጋዋ ላይ ተዘረረች። አንቺ ተኚ አልኳት። ካርቶኑን እኔው ፈተሽኩ። በሥዕሉ ለይቼ ያን የፋብሪካውን አገኘሁት። ዝቅ አድርጌ ከፈትኩ።

«ከፍ ሲል ነው እኮ የሚጥመው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ቆይ፣ ጸሎት ላይ ናቸው።»

ማዶ አቡነ ዘበሰማያት ሲያደርሱ እኔም በርጩማው ላይ ሆኜ አብሬ አደረስኩ። አሜን አሉ። አሜን አልኩ።

ከዚያ ከፍ አደረግኩት።