ከአቡጀዲ ኮርኒሱ በላይ

ሰኞ፣ መጋቢት

አልሞቱም። ከምርምር ጣቢያችን ማሞቂያ ሳጥን ሳወጣቸው የማሽላ ቡቃያዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጠዋት ለዘብ ባለ ሙቀት ያለማመድኳቸው ናቸው። ሳይለማመዱ የገቡት እንደተቀቀለ ጎመን ተኝተዋል።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ሙቀት ሲበረታ የተክሉ ፕሮቲን እጥፋቱ ይፈታል። ያኔ ተክሉ የዕለት ሥራውን ትቶ ደጋፊ ፕሮቲኖችን ያመርታል፤ የተፈታውን ደግፈው ይይዙታል። እኔ ሚዜ እላቸዋለሁ። ማወቄ ግን ከፍርሃት አላዳነኝም። አረንጓዴ ናቸው፣ አያድጉም፤ በሕይወትና በሞት መሃል የቆሙ ይመስሉኛል። ብቻዬን ስሆን ጀርባዬን አልሰጣቸውም።

ማክሰኞ

አፈሳው ኮልፌ ገባ። ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ሴቶችና ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ አንድ ጎረምሳ የለም።

ታናሽ ወንድሜን ሳምሶንን ለጦር ግንባር አልሰጥም። ከአቡጀዲ ኮርኒሱ በላይ፣ ወራጁ ላይ፣ ጣውላ ዘርግተንለታል። ቆርቆሮው አፍንጫውን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ቀትር ላይ እጅ ያቃጥላል። ወሬው ከተሰማበት ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ቆርቆሮው ሳይግል፣ ወደዚያ እያወጣሁ አለማምደዋለሁ።

«ማሽላ አደረግሽኝ?» አለኝ። ሳቅን። ሰው ማሽላ አይደለም፤ ግን ሌላ ምን አውቃለሁ?

ዓርብ

ረቡዕና ሐሙስ ደመና ሆነ፣ ፈታሽም ሳይመጣ ቀረ። ሳምሶን ወርዶ ተኛ፣ በላ፣ ከእማዬ ጋር ተነታረከ። ደስ አለን።

ዛሬ የሰኞዎቹን ጀግኖቼን እንደገና ሙቀት ውስጥ ከተትኳቸው። ሁሉም ወደቁ። ለካ ሙቀቱ ሲያልፍ ተክሉ ሚዜዎቹን ያሰናብታል፤ ያለ ሥራ አይቀልባቸውም። ሳምሶንም ከማክሰኞ ወዲህ አልወጣም። ነገ ከሥራ ስመለስ ሳምሶንን እንደ አዲስ አለማምደዋለሁ።

ቅዳሜ

የፈሩት ይደርሳል። ከሥራ እንደገባሁ ፈታሾቹ ቀደሙኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሳምሶን ሳይለማመድ ወጣ።

የአብዮት ጥበቃው ሰውዬ ሳሎን መሃል ቆሞ እማዬን «ልጅዎስ?» አላት።

«ጎጃም ነው፣ አያቱ ጋ።»

ከአናቱ በላይ አቡጀዲው ላይ መዳፍ የሚያህል እርጥበት ወጣ። ሰፋ። የወንድሜ ላብ ነው። ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። አንዲት ጠብታ ሰውየው ትከሻ ላይ አረፈች። በጣቱ ዳሰሳት፣ ቀና አለ።

«ጣሪያችሁ ያፈሳል።»

«ረቡዕ የዘነበው ነው» አልኩ።

ረቡዕ አልዘነበም። ሰውየውም የሚኖረው እዚሁ ኮልፌ ነው። ትክ ብሎ አየኝ። «አስጠግኑት» ብሎ ወጣ። ያወቀ ይመስለኛል። ለምን እንደተወን አለማወቄ ከፍተሻው ይበልጥ ያስፈራኛል።

ሳምሶንን ስናወርደው ላቡ ደርቋል፣ ገላው ይፋጃል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ እኛን ግን አያይም።

እሑድ

ውሃ ይጠጣል። አይናገርም። «ሳሚ» ስለው ወደ ኮርኒሱ ያያል፣ እዚያ የቀረ ሰው ያለ ይመስል። እማዬ ፀበል ትረጨዋለች፣ እኔ እርጥብ ጨርቅ እቀያይራለሁ። አንዳችን በሌላችን ሥራ አንገባም።

ሙቀት ያገኘው ተክል ሌላ ሥራውን ያቆማል፤ ሲበርድለት ይመለሳል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ለወንድሜ ማንም እንዲህ ብሎ አልጻፈለትም። አንድ ቀን ቀድሜ ብጀምር ኖሮ!

ሰኞ

ጠዋት እማዬ ሽሮ አጎረሰችው። አኘከ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ጨው የለውም» አለ።

እማዬ ወደ ጓዳ ስትሮጥ ነጠላዋ መንገድ ላይ ወደቀ። እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እማዬ ተጣድፋ ጨው አበዛችበት፤ እያጉረመረመ በላው።