የተጠቃሚዋ ፊርማ

ኅዳር 11
የቆሰበር ውርጭ እጅ ይቆርጣል። ከማናየሽ ጋር የሆስፒታሉን አርባ አንሶላ አጠብን። ከቢሮ ቅርጫት አንድ ወረቀት አነሳሁ... ጀርባው ንጹሕ ነው፣ ይኸው እየጻፍኩበት ነው። ፊደል የለየሁትም እንዲህ ባለ ቁራጭ ነው። ፊቱ ላይ የጨረታ ዝርዝር አለ፦ «የእጥበት ጓንት፣ ወፍራም፣ እስከ ክርን የሚደርስ።» ለእኛ ይሆን?

ኅዳር 20
የግዢ ኃላፊው አቶ ምንይችል አስጠራኝ። ከክልል አዲስ መመሪያ መጥቷል። ዕቃ ሲገባ የሚገለገልበት ሠራተኛም አይቶ ይፈርማል።
«እትዬ ፀጋነሽ፣ አንቺን መርጠናል። ዝምተኛ ሰው ጥሩ ነው።»
ደስ አለኝ። ማን ጠይቆኝ ያውቃል?
ማናየሽ፦ «ኧረ ባለሥልጣን! ከእንግዲህ አንሶላ ልትነኪ ነው?»

ታኅሣሥ 14
ጓንቱ መጣ። ከእጄ አንጓ አያልፍም፣ ጣቴ በውስጡ ይታያል። ሌሎቹ የርክክብ ኮሚቴ አባላት ፈርመዋል።
«ይሄ ስስ ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።
«ከመለስነው እስከ ሰኔ በባዶ እጅሽ ነው» አለ አቶ ምንይችል። የማኅተሙን ቀለም ገፋልኝ። ደመወዝም በጣት ስለምፈርም... እስክሪቢቶ ስጡኝ አላልኩም። አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።
በጨረታው ዝርዝር የተጻፈውን አውቅ ነበር።

ጥር 6
አንሶላ ውስጥ የተረሳ መርፌ ማናየሽን ወጋት። ጓንቱን በስቶ።

ጥር 9
ከኤች አይ ቪ የሚከላከል የሃያ ስምንት ቀን መድኃኒት ሰጧት። ያስመልሳታል። ምርመራው ገና ይደገማል። አጥሚት ይዤላት ሄድኩ።
«አንቺ ፈራሚዋ፣ ወፍራሙን ለራስሽ አስቀርተሽ ነው?»
ቀልዷ ነው። ነው?

የካቲት 17
ሁለተኛው ዙር ገባ። ያው ስስ። አቶ ምንይችል ቀለሙን ገፋልኝ። አልነካሁትም። የጨረታውን ወረቀት ከጉያዬ አውጥቼ ለኮሚቴው አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው።
«ማንበብ ትችያለሽ እንዴ?» አለ አቶ ምንይችል።
ለካ ማንበብ አትችልም ብለው ነበር የመረጡኝ...
እስክሪቢቶ ጠየቅሁ። «አልተረከብኩም» ብዬ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ።
«ለሚቀጥለው ሌላ ሰው እንመርጣለን» አለ፣ ሳያየኝ።
የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር ሕይወት ግን ወረቀቱ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ አለች። ሰጠኋት። ጀርባው ላይ ከኅዳር 11 እስከ ታኅሣሥ 14 የጻፍኩት አለ። ቤት ገብቼ እያስታወስኩ መልሼ ጻፍኩት፣ «አውቅ ነበር» የምትለዋን የመጨረሻ መስመር ሳልተው።
ማናየሽ ነገ ለምርመራ ትሄዳለች። አብሬያት እሄዳለሁ።
ወረቀቱን ገልብጠው ያነቡት ይሆናል። ያንብቡት።