የበረኛዋ ካርድ

ሰኞ፣ መጋቢት 3
ዛሬም ያው መዝገበ ቃላት ክፍል፣ ያው አንድ እግሩ አጠር ያለ ጠረጴዛ። «ሹትአውት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ደረስን። አለቃዬ ቀና እንኳ ሳይል «ተኩስ ብለሽ እለፊው» አለኝ። እለፊው! ኳስ ሜዳ ለመለያ ምት የሚባል፣ ካሜራ ከካሜራ ሲወዳደር የሚባል ቃል በአንድ ተኩስ ይታለፋል?
«ለሦስት ፍቺው ሦስት ካርድ ይገባዋል ጋሼ።»
«እስከ መጋቢት ሃያ አራት ለሦስቱም ምሳሌ ካመጣሽ እሺ። አለዚያ ተኩስ ነው።»
ደንባችን ጥብቅ ነው። ምሳሌ ከራሳችን አንፈጥርም፣ ሰው ከተናገረው ነው የምንወስደው። ከካርዱ ግርጌ የተናጋሪው ሙያ ይጻፋል። እልህ ያዘኝ... እኔን ደግሞ እልህ ከያዘኝ ማን ይመልሰኛል?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4
ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎቶ አንሺው የቱን ካሜራ እንደሚይዝ ሲለይ ሰንብቷል። «ሦስቱን በአንድ ሙሽራ ፊት አፋጠጥኳቸው፤ አሮጌው ረታ» አለኝ። አፋጠጥኳቸው! መንገድ ላይ ለብቻዬ ስስቅ ሰው አይቶኛል። ተናጋሪ፦ ፎቶ አንሺ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8
ልጄን ጠየቅኋት። ባልጠይቃት ይሻል ነበር? አምና የትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ፍጻሜ በመለያ ምት ሲያልቅ አምስቱም ኳስ ገባባት። ከዚያ ወዲህ ጓንቷ አልጋ ሥር ነው። አሰልጣኟ ለዘንድሮው ፍጻሜ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ አላነሳችም።
«በመለያ ምት ጊዜ ሺህ ሰው እያየሽ ብቻሽን ነሽ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከደብተሯ ሳትነቅል።
ጻፍኩ። ከሥሩ «በረኛ» ልል ስል እጄን ያዘችኝ። «በረኛ አይደለሁም እማ። ተማሪ በይ።»
ተማሪ ብዬ ጻፍኩ። ደንብ ደንብ ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 9
ሠላሳ ዓመት ፖሊስ የነበረው አባቴ ጋ ሄድን። አንድ ጊዜ ስለገጠመው ተኩስ ለእናቴ እንኳ ተናግሮ አያውቅም።
«አባባ፣ የተኩስ ልውውጥ ልበለው?»
«ልውውጥ? ገበያ መሰለሽ እንዴ!»
ልጄ ሳቀች። ስትስቅ አባባ አያት። ከዚያ ሳናስበው ጀመረ። «መጋዘን በር ላይ ከሌቦች ጋር ተታኮስን። ጓደኛዬ የሌባውን ጠመንጃ ሲያይ ቆሰለ። እኔ የሰውየው ትከሻ ሲዞር አይቼ ቀድሜ ወደቅሁ።»
ልጄ ቀስ ብላ፣ «ፈርተህ ነበር?»
«እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ግን አየሁ።»
«በነጋታውስ?»
«በነጋታው እዚያው በር ላይ ቆምኩ።»
«ተታኮስን» ያለውን ጻፍኩ። ተናጋሪ፦ ጡረተኛ ፖሊስ።

ሰኞ፣ መጋቢት 10
ጓንቱ አልጋ ሥር የለም። አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 22
ፍጻሜው። አንድ ለአንድ አለቀ። መለያ ምት! አባባ እጄን ጨምቆ ያዘ። የኛዎቹ አምስቱንም አገቡ። እነሱ አራት። አምስተኛዋ መጣች... ልጄ ኳሱን አላየችም። የመቺዋን ትከሻ ነው ያየችው። ወደ ግራ ወደቀች። ያዘችው!
አባባ ለማያውቀው ሰው ሁሉ «የኔ ናት! የልጄ ልጅ ናት!» ይላል። እኔ ድምፄ ጠፍቷል። ኮራሁ። በሷም፣ በሱም፣ በራሴም ትንሽ። ማን ያየኛል ብዬ ልደብቅ?

ሰኞ፣ መጋቢት 24
ሦስቱን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። መነጽሩን ወልውሎ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። «ሦስቱም ይግቡ» አለ። አንተ የማትረታ ሰውዬ፣ ተረታህ!
ደስታዬን ሳልጨርስ አንዱን አነሳ። «ይሄኛው ምንድን ነው? ተማሪ የሚለው ተሰርዟል። የማን ጽሕፈት ነው?»
ተቀብዬ አየሁ። በእርሳስ፣ ጠመም ጠመም ባለው በልጄ ጽሕፈት፦ «በረኛ»። መቼ ከቦርሳዬ አወጣችው?
«የተናጋሪዋ ነው ጋሼ» አልኩ። «እንዳለ ይግባ።»