ያልተቆረጠው ትዕይንት

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ዛሬም ናይሮቢን አቋርጬ ላቪንግተን። ማታቱው፣ የዚህ አገር ሚኒባስ ታክሲ፣ ጭንቅንቅ፣ ስቱዲዮ ስደርስ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። የውጭ አገሩን ድራማ ወደ አማርኛ ስንመልስ የዋናዋ ሴት ድምፅ እኔ ነኝ። የኔ ሴትዮ ዛሬ ወንድሟን አዋረደች፣ ጠበቃዋን አባረረች፣ ብርጭቆ ሰበረች። እሷን መሆን ደስ ይለኛል። ቤት እንደዛ ብናገር ማን ይችለኛል?

ሰፈራችን ሳውዝ ሲ፣ ምግብ ቤታችን ስመለስ ቴሌቪዥኑ ያው የኛኑ ድራማ ያሳያል። ደንበኛው ሽሮውን ትቶ ያያል። ባሌ ባንታየሁ ሪሞቱን ይዞ ባንኮኒው ጋ ቆሟል። ሁለት ሰው ትንሽ ከተጠጋጋ… ጠቅ፣ ኳስ። ሰው ሲሳሳም እስከ መጨረሻው አይቶ አያውቅም። አባቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ልጆቹን "ውሃ አምጡ" ብለው ይልኩ ነበር አሉ። እሱ ምግብ ቤት ሙሉ ሰው ለውሃ መላክ ስለማይችል ቻናል ይቀይራል።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ኢዮኤል በሩን ዘግቶ አነጋገረኝ። ዳይሬክተራችን ነው፤ እዚሁ ናይሮቢ ያደገ ልጅ፣ ሲጨንቀው ቋንቋው ይደባለቅበታል።

"አስኑ፣ ክፍል ሃያ ኖ ከት። ቻናሉ ሳይቆረጥ ነው የፈለገው። ሳዋ፣ እሺ?"

ክፍል ሃያ… የመኝታ ቤቱ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ቆርጠን ዋሽንት እናስገባ ነበር። ባለፈው ድራማማ ነውር እንዳይሆን ብለን ፍቅረኞቹን በአማርኛችን ባልና ሚስት አደረግናቸው። ኋላ ሠርጋቸው መጣና ጉድ ፈላ። ተመልካቹ "ስንት ጊዜ ነው የሚጋቡት?" እያለ ደወለ።

"ዋሽንቱስ?" አልኩት።

"ዋሽንት የለም። ያንቺ ትንፋሽ ነው።"

"ጾም ነው እኮ!"

"ጾሙ ከሥጋ ነው፣ ከማይክ አይደለም። ካልቻልሽ ግን ንገሪኝ፣ ሌላ ተዋናይት እፈልጋለሁ። እስከ መጨረሻውም እሷ ናት የምትቀጥለው።"

ትዕይንቱን አሳየኝ። ገላ ብዙም አይታይም። እስካሁን ሁሉን ስታዝ የከረመች ሴት፣ እዚያ አልጋ ላይ ብቻ ድምጿ ዝቅ ይላል። ትስቃለች። "አትቸኩል" ትለዋለች ፍቅረኛዋን። ከዚያ ታለቅሳለች። ይሄ ተቆርጦ፣ በኋላ ቤቷን ጥላ ስትከተለው ማን ይገባዋል? አበደች ነው የሚሏት። መኖር አለበት፣ እሱ ገብቶኛል። ግን በኔ ድምፅ?

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ለባንታየሁ ልነግረው ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ "ሽንኩርት አልቋል" አልኩት። አንዴ ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ቀረጽኩት።

የሰውየው ድምፅ የሚሆነው ባልደረባዬ ደስታ የራሱን ትናንት ጨርሶ ሄዷል። ስለዚህ ብቻዬን፣ ባለመስታወቷ ክፍል ውስጥ። ለመሳሙ የራሴን እጅ ጀርባ ነው የምስመው። ሥራው እንዲህ ነው… ሳሙና ሳሙና ይላል። ሳቁ ግን እምቢ አለኝ። ደጋገምነው፣ የውሸት ሆነ። "ትወናውን ተዪው፣ ጀስት ሳቂ" አለኝ ኢዮኤል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም… ቀስ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ። "አትቸኩል" አልኩ። ልቅሶው ሳልጠራው ተከተለ። ኢዮኤል "በቃ" አለና ማይኩን ዘጋ።

ፈራሁ። የማን ድምፅ ነው? ይሄን ሁሉ ዓመት በትዳር ስኖር "አትቸኩል" ብዬ አላውቅም።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ዛሬ ተላለፈ። ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ እትዬ ወርቂቱ ሳይቀሩ። ሙዚቃው ሲጀምር አወቅኩት፣ ወጥ ቤት ገባሁና በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ባንታየሁ ሪሞቱን አነሳ። ቀይረው… በእመቤቴ፣ ቀይረው…

አልቀየረውም። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ሳቄ ቤቱን ሞላው። እትዬ ወርቂቱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አንዱ ከጥግ "ባንቴ፣ ታድለሃል!" አለና ሁሉም አውካኩ። ባንታየሁ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። እስከ መጨረሻው አይቶ ሪሞቱን አስቀመጠና ወደ ውጭ ወጣ።

አለቀልኝ። ይሄ ሥራ ከዛሬ በኋላ የለም። ትዳሩስ?

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ጠዋት፣ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት። ባንታየሁ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወንበር ያወርዳል። መልሴን ደርድሬያለሁ… ሥራ ነው፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ የገዛ እጄን ነው የሳምኩት።

"ሰው ፊት አሳፈርኩህ" አልኩ።

"የሰውን ተይው።"

"ታዲያ ምንድነው?"

ወንበሩን እንደያዘ ቆመ። "ያንን ድምፅ እኔ ሰምቼው አላውቅም፣ አስናቀች።"

አስናቀች አለኝ። ሲከፋው ብቻ ነው ስሜን የሚሞላው።

"ትወና ነው።"

"ልቅሶውም?"

ከዚያ ንዴት መጣ፣ ክፉ ንዴት። "ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?" አልኩት። "መብራት ታጠፋለህ፣ ትጨርሳለህ፣ ትተኛለህ። እኔስ? አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?"

ለንስሐ አባቴ እንኳ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ወንበሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ቅዳሴ። እሱ በወንዶች በኩል፣ እኔ በሴቶች። ለዚህ ሥርዓት እንደዛሬ አመስግኜ አላውቅም። ቤት ስንገባም እሱ ወደ ባንኮኒው፣ እኔ ወደ ወጥ ቤት።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ከስቱዲዮ ስመለስ ባንታየሁን ማታቱ ማቆሚያው ጋ ቆሞ አገኘሁት። ባንኮኒውን ለማን ትቶ? "ከዛሬ በኋላ አትሄጂም" ሊለኝ ነው አልኩ።

ትንሽ ተጓዝን። ፊት ፊቱን እያየ "ምን ተብሎ ነው የሚጠየቀው?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ያ… ያልሽኝ ነገር። እኔ አላውቅም። ማንም ነግሮኝ አያውቅም።"

ንዴቴ በረደ። አሳዘነኝ። ለራሴም አዘንኩ።

"አሁን እኮ ጾም ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው አሁን የምጠይቅሽ። እስከ ፋሲካ ልማር።"

በረጅሙ መንገድ ዞርን። ቀስ እያልኩ ነገርኩት።